ፌስታል የለበሰችው ቡና

አክስቴ ለሕክምና ከአዲስ አበባ ስትወጣ አደራ ያለችኝ ሁለት ነገር ነበር፤ የቤቷን ቁልፍና መስኮት ሥር ያለችውን የቡና ችግኝ። ቁልፉን አልጣልኩትም።

«ለአንድ ወር ነው» ብላ ሄዳ ሦስት ወር ቆየች። መጀመሪያ ላይ በሳምንት ሁለቴ እየሄድኩ አጠጣ ነበር። ቀጥሎ በሳምንት አንዴ ሆነ። ቀጥሎ ሥራ በዛ፣ ታክሲ ጠፋ፣ ዝናብ ያዘኝ፤ ብቻ ምክንያት አላጣሁም። (ዝናቡ እኔን ሲይዘኝ እሷን ግን አያገኛትም። ቤት ውስጥ ናት።) በስልክ «ቡናዬ እንዴት ናት?» ስትለኝ «ደህና ናት» እያልኩ ከወር በላይ አለፈ። የዋሸሁ አልመሰለኝም ነበር። ደህና ትሆናለች ብዬ ነው። አንድ ቀን ደውላ «ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ እመጣለሁ» አለችኝ።

በማግስቱ ሄጄ በሩን ስከፍት ችግኟ መስኮቱ ሥር እንዳለች ነበረች፤ ካለች። ቅጠሎቿ ቡናማ ሆነው ቁልቁል ተንጠልጥለዋል፣ ስነካቸው እንደ ደረቅ ቂጣ ተንኮታኮቱ። የተተከለችበት የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ያለው አፈር ደርቆ ከመኮማተሩ የተነሳ ከቆርቆሮው ጠርዝ ተላቅቆ ጣቴን የሚያስገባ ክፍተት ፈጥሯል። ደንግጬ አንድ ጆግ ውሃ ገለበጥኩባት። ውሃው ሲወርድ ሰማሁት፣ ወዲያው በሥሯ ባለው ቀዳዳ ወጥቶ ወለሉ ላይ ተንጣለለ። «እንዴት ብትጠማ ነው እንዲህ የጠጣችው» አልኩ። አንድ ጠብታ እንዳልጠጣች ያወቅሁት በኋላ ነው።

ይቺ ችግኝ ደግሞ ዝም ብላ ችግኝ አይደለችም። አክስቴ ሊሙ ያደገችበት ግቢ ተሸጦ ለመጨረሻ ጊዜ ስትሰናበት፣ ከጓሮው ቡና ሥር በራሷ የበቀለች ሁለት ቅጠል አይታ ነቀለቻት። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ፣ አውቶቡስ ውስጥ ጭኗ ላይ አስቀምጣ አዲስ አበባ አመጣቻት። ግቢው ዛሬ ሌላ ነው። የጓሮው ቡናም ተነቅሏል። የቀረው ቆርቆሮ ውስጥ ያለው ነው።

መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጥ አንድ ሰውዬ አለ፤ እሱ ጋ ይዣት ሮጥኩ። እያየኝ ትንሽ ሳቀ። «ቅጠሉን እርሳው» አለኝ፤ «ቅጠል ልብስ ነው። ግንዱን በጥፍርህ ጫር አድርገህ እየው።» ከላይ ጫርኩ፤ ደረቅ። ወረድ ብዬ ጫርኩ፤ ያው ደረቅ። ከአፈሩ አራት ጣት ከፍ ብሎ ስጭር ግን ከቅርፊቱ ሥር ቀጭን አረንጓዴ መስመር ብቅ አለች። ሰውዬው በጣቱ እያሳየኝ «እዚህ ጋ አለች» አለ።

የነገረኝ ነገር ብዙ አልነበረም። እንዲህ የደረቀ አፈር ውሃ ይጠላል። ከላይ ብታፈስበት ውሃው በጎን ሾልኮ ይወርዳል እንጂ መሃል አይገባም። ስለዚህ ቆርቆሮውን እንዳለ ሳፋ ውስጥ አስቀምጥ፣ ውሃውን እስከ ግማሽ ሙላ፣ አረፋው እስኪቆም ጠብቅ፤ ከዚያ አውጣና አንጠፍጥፋት። ማዳበሪያ እንዳታስብ፤ የታመመ ሥር ላይ ማዳበሪያ ጨው ነው። ፀሐይ ላይ አታውጣት። ግንዱን ቶሎ አትቁረጥ፣ የትኛው እንደሞተና የትኛው እንደተኛ ገና አታውቅም። በመጨረሻ ደግሞ «ነጭ ፌስታል አልብሳት» አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ነበር።

እናም ማታ ሳፋው አጠገብ ቁጭ ብዬ አረፋ ስቆጥር፣ የቡና ችግኝ በዕቃ ውስጥ ሆና ስትጠማ የመጀመሪያዋ የአክስቴ አለመሆኗን ማንበብ ጀመርኩ። እንደውም በዓለም ላይ በጣም የታወቀችው የተጠማች የቤት ውስጥ ተክል ቡና ናት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቡና ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ወጥቶ የመን መግባቱን ሁላችንም እናውቃለን። ከየመን ደግሞ ደቾች በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ ጃቫ አሻገሩት። በ1706 ከጃቫ አንድ የቡና ተክል አምስተርዳም ደረሰ፤ እዚያ ባለው የዕፅዋት ማዕከል በመስታወት ቤት ውስጥ ተተከለ። የአምስተርዳም ሹማምንት በ1714 ከዚያ ዘር አንድ ተክል ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ በስጦታ ላኩ። ፓሪስ በሚገኘው የንጉሡ የአትክልት ቦታ የተቀበለው አንቷን ደ ዥስዩ የተባለው የዕፅዋት ሊቅ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር፣ በጉምና በዝናብ የሚኖር ዛፍ፣ ፓሪስ ክረምት ላይ በእሳት በሚሞቅ ክፍል፣ አትክልተኛ ከሰጠው ብቻ የሚጠጣ ሆነ። የቤት ውስጥ ተክል የሚባለው ይኸው ነው። ከሰማይ ተቆርጦ ለሰው እጅ የተሰጠ።

ጋብሪኤል ደ ክሊዩ እዚህ ጋ ይመጣል። ካሪቢያን ባሕር ውስጥ ባለችው የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት፣ በማርቲኒክ ደሴት የሚያገለግል መኮንን ነበር። በግል ጉዳይ ፓሪስ መጥቶ ሳለ አንድ ሐሳብ ያዘው፤ ደቾች ጃቫ ላይ ቡና ካበቀሉ ማርቲኒክ ላይ የማይበቅልበት ምክንያት ምንድን ነው? ችግሩ የንጉሡ ቡና ለማንም አይሰጥም። በመጨረሻ አንዲት የተከበረች እመቤት የንጉሡን ሐኪም ሺራክን ለመነችለትና ችግኝ አገኘ። (ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ «አንዲት እመቤት» ሁልጊዜ አለች፣ ስሟ ግን የለም።)

ጉዞው የተደረገው በ1723 ነው ይላሉ ብዙዎቹ፣ 1720 የሚሉም አሉ። ደ ክሊዩ ችግኟን መስታወት ባለው ሳጥን ውስጥ አስገብቶ መርከብ ላይ ወጣ። ቀጥሎ ያለውን የነገረን እሱ ራሱ ነው። አንድ ተሳፋሪ በቅናት ተነስቶ ቅርንጫፏን ገነጠለባት። የቱኒዝ የባሕር ወንበዴዎች መርከቧን ሊይዟት ደርሰው ለጥቂት አመለጡ። ማዕበል መጣ። ማዕበሉ ሲያልፍ ደግሞ የባሰው መጣ፤ ነፋስ ጠፋ። በሸራ የሚሄድ መርከብ ነፋስ ካጣ መሃል ባሕር ላይ እንደተተከለ ይቀራል። የመጠጥ ውሃ ማለቅ ጀመረ፣ ለየሰው በመጠን መሰጠት ሆነ። ደ ክሊዩ እንደሚለው ከአንድ ወር በላይ የሚደርሰውን ትንሽ ውሃ ከችግኟ ጋር እየተካፈለ ጠጣ። እሱ እንደሚገልጻት በዚያን ጊዜ ከአንዲት የአበባ ቅርንጫፍ አትበልጥም ነበር።

ይህን ሳነብ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አፈርኩ። ሰውዬው በውቅያኖስ መሃል በራሽን ውሃ አትርፏታል። እኔ ቧንቧ ባለበት ከተማ ገደልኳት። እርግጥ የአክስቴ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፤ ግን በርሜሉ ሙሉ ነበር።

ችግኟ ማርቲኒክ ደረሰች። ፕሬሸር በተባለው ቦታ አፈር ላይ ተተከለች፣ ዙሪያዋ በእሾህ ታጠረ፣ ፍሬ እስክትሰጥ ድረስ ጠባቂ ቆመላት። ከጥቂት ዓመት በኋላ ፍሬዋ ለደሴቲቱ ባለርስቶች ታደለ። በ1727 ገደማ የማርቲኒክ የካካዎ ዛፎች በተፈጥሮ አደጋ ሲወድሙ ገበሬው ሁሉ ወደ ቡና ዞረ። በ1777 በደሴቲቱ ላይ ከ18 ሚሊዮን በላይ የቡና ዛፍ ነበር ተብሎ ተመዝግቧል።

ደስ የሚል ታሪክ ነው። ደስ ስለሚል ነው መጠርጠር ያለበት። ደ ክሊዩ ይህን ሁሉ የጻፈው አኔ ሊቴሬር ለተባለ የፓሪስ መጽሔት በላከው ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው የወጣው በ1774 ሲሆን ሰውዬውም በዚያው ዓመት ሞተ። ማለትም ከጉዞው ሃምሳ ዓመት ቆይቶ፣ ሰማንያን ያለፈ ሽማግሌ፣ ያለ ሌላ ምስክር የተናገረው ነው። ሃምሳ ዓመት ደግሞ ታሪክን ያሳምራል። የአክስቴን የአውቶቡስ ጉዞ እንኳ እኔ ስሰማው በየዓመቱ ርቀቱ ይጨምራል። በዚያ ላይ «የአሜሪካ ቡና ሁሉ እናት ያቺ ችግኝ ናት» የሚባለው ልክ አይደለም። ደቾች ጥቂት ዓመት ቀድመው ሱሪናም ላይ ቡና ተክለው ነበር፤ ወደ ብራዚል የገባውም በ1727 ከፈረንሳይ ጊያና በኩል ነው። ግን እሱም ቢሆን ሥሩ ሲቆፈር ወደዚያው ወደ አምስተርዳም ዘር ይመለሳል።

ሌላም ነገር አለ፣ ይሄኛው ደግሞ ከጥርጣሬ በላይ ነው። በዚያው ባሕር፣ በዚያው ዘመን፣ ከአፍሪካ የተጫኑ ባሪያዎች በመርከብ ሆድ ውስጥ ታስረው ወደ ማርቲኒክ ይጓዙ ነበር። ለእነሱም ውሃ በመጠን ነበር። በየጉዞው ከመካከላቸው ብዙዎች ሞተው ባሕር ተጥለዋል። የአንዲት ችግኝ ጥም በመጽሔት ከታተመ ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ የእነሱን ጥም ማንም ደብዳቤ አልጻፈለትም። ከባሕሩ የተረፉት ናቸው እነዚያን 18 ሚሊዮን ዛፎች የተከሉት፣ የኮተኮቱት፣ የለቀሙት። ጎረቤት ያለችው ሳን ዶሚንግ፣ የዛሬዋ ሃይቲ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የዓለምን ቡና ግማሽ ያህል ታቀርብ ነበር። በ1791 ግን ባሪያዎቹ ተነሱ፤ እርሻውም የባሪያ ንግዱም አብረው ተቃጠሉ። ስለ ደ ክሊዩ ውሃ ሲወራ ይህ አብሮ ካልተወራ ወሬው ጎዶሎ ነው።

አሁን ወደ ሳፋው። አረፋው ቆሟል። ቆርቆሮውን ሳነሳ ከባድ ሆኗል፤ አፈሩ ጠጥቷል። ግን ግንዱ ያው ደረቅ እንጨት ነው። ውሃ ሰጠኋት፣ ታዲያ ለምን አትነሳም?

የዚህን መልስ ፍለጋ የጀመረው፣ ደ ክሊዩ ባሕር ላይ በነበረበት ዘመን ግድም፣ ለንደን አጠገብ ቴዲንግተን የሚባል ሰፈር ያገለግል የነበረ ስቲቨን ሄልስ የሚባል ቄስ ነው። በ1724 በጋ ላይ አንድ የሱፍ ተክል ከነማሰሮው ወስዶ አፈሩን በስስ የእርሳስ ሳህን ከደነው፤ ከቅጠሉ በቀር ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ እንዳይኖር። ከዚያ ጠዋትና ማታ እያነሳ መመዘን። ለአሥራ አምስት ቀን። ያገኘው ውጤት፦ ተክሏ በአንድ ደረቅና ሞቃት ቀን በአማካይ ከግማሽ ኪሎ በላይ ውሃ በቅጠሏ ታተናለች። ሌሊት ግን እምብዛም አታወጣም። ሄልስ የአካልን መጠን አስተካክሎ ሲያሰላው ያቺ ሱፍ ከሰው በ17 እጥፍ ትልቃለች። ይህን ሁሉ በ1727 በመጽሐፍ አወጣው።

ቄሱ ሚዛን ይዞ የደረሰበት ነገር ቀላል ይመስላል፣ ግን የእኔን ጥፋት ቁልጭ አድርጎ አሳየኝ። ተክል ውሃ የሚጠጣው እኛ ስላጠጣነው አይደለም። ቅጠሉ ወደ አየር ስለሚለቅ ነው ከታች የሚስበው። ከሥር እስከ ቅጠል ድረስ ያለው ውሃ በቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ እንደተወጠረ ክር ነው። አፈሩ ሲደርቅ ክሩ ይወጠራል፣ ይወጠራል፣ ከዚያ ይበጠስና ቱቦው ውስጥ አየር ይገባል። የአዲስ አበባ ሰው ይሄ ይገባዋል። ውሃ በፈረቃ ሄዶ ሲመለስ ቧንቧው መጀመሪያ ምን ያደርጋል? ያስላል። ፉጨት ያሰማል፣ አየር ይተፋል፣ ቆይቶ ነው ውሃ የሚያመጣው። ተክል ግን አየሩን የሚተፋበት አፍ የለውም። አንዳንዱን ቱቦ ሥሩ ቀስ ብሎ ከታች ገፍቶ ይሞላዋል፤ አንዳንዱን እስከ መጨረሻው ይተወዋል። ለዚህ ነው ቅጠሉን መጀመሪያ የሚያደርቀው፤ የሚያፈሰውን በር ዘግቶ ግንዱን ለማትረፍ። እኔ መሞቷ ነው ብዬ ያየሁት ቅጠል መርገፍ የመዳን ሙከራዋ ነበር። የችግኝ ነጋዴው «ልብስ ነው» ያለው እንግዲህ ይህንን ነው።

ስለዚህ የተጎዳ ተክል ዘንድ ጥያቄው «ምን ያህል ውሃ ልስጥ» ብቻ አይደለም። «የሚወጣውን እንዴት ላግደው» ነው። ፌስታሉም የመጣው ከዚህ ነው።

የፌስታሉ ታሪክ የሚጀምረው በ1829 ለንደን ውስጥ ነው። ናታኒኤል ዋርድ ሐኪም ነበር፣ ግን ልቡ ያለው ዕፅዋት ላይ ነው። ፈርን የሚባለውን ጥላ ወዳድ ተክል ጓሮው ውስጥ ሊያሳድግ ደጋግሞ ሞክሮ የከተማው የከሰል ጭስ እየገደለበት ተስፋ ቆርጧል። አንድ ቀን ለሌላ ጉዳይ፣ የእሳት ራት የምትሆን ትል ከነመጠቅለያዋ እርጥብ አፈር ላይ አድርጎ በጠርሙስ ከድኖ አስቀመጠ። ራቷን ሊያይ ሲጠብቅ ከአፈሩ ላይ ሣርና ትንሽ ፈርን በቀሉ። ቀን ቀን ጤዛ በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ይሰበሰባል፣ ተመልሶ አፈሩ ላይ ይወርዳል። ያንኑ ውሃ መልሶ መላልሶ። ዋርድ አንድ ጠብታ ሳይጨምር ጠርሙሱ ውስጥ ወደ አራት ዓመት ገደማ ኖሩ፤ የሞቱት ክዳኑ ዝጎ ዝናብ ሲገባባቸው ነው። ደርቀው ሳይሆን ረጥበው።

ከዚያ በፊት ተክል በመርከብ መላክ ማለት ተክል መግደል ማለት ነበር። በ1819 ቻይና ይኖር የነበረ አንድ ሐኪም ከቻይና ወደ እንግሊዝ ከሚጫኑ አንድ ሺህ ተክሎች በሕይወት የሚደርሰው አንድ ቢሆን ነው ብሎ ጽፏል። ዋርድ በ1833 ሁለት የመስታወት ሳጥን ፈርንና ሣር ሞልቶ ወደ ሲድኒ ላከ፤ ለምልመው ደረሱ። ሲመለሱም የአውስትራሊያ ተክል ተጭኖባቸው፣ በበረዶም በሐሩርም አልፈው፣ አረንጓዴ እንደሆኑ ለንደን ገቡ። ያ ሳጥን ዓለምን ቀየረ ቢባል ማጋነን አይደለም። የቻይና ሻይ ወደ ሕንድ፣ የወባ መድኃኒት የሚወጣበት የሲንኮና ዛፍ ወደ እስያ፣ የብራዚል ጎማ ወደ ሲሎን የተሻገሩት በዚያው ሳጥን ነው። በጎ ሥራ ብቻ አልነበረም፤ ቅኝ ገዢዎች የሌላ አገር ሀብት ነቅለው የሚወስዱበት ሻንጣም ነበር።

እዚህ ጋ የራሴ ግምት አለችኝ። የደ ክሊዩ ሳጥንም መስታወት ነበረው። ፀሐይ እንዲገባ፣ ሙቀት እንዳይወጣ ብሎ ያሠራው ነው። ሳያውቀው ግን ችግኟ ያተነችውን ውሃ ለራሷ እየመለሰላት ይሆናል። ከዋርድ መቶ ዓመት በፊት። ስለዚህ ያተረፋት የሱ ራሽን ብቻ አይመስለኝም፤ የሳጥኑ ክዳንም ነው። ደብዳቤው ላይ ግን ክዳን እንደ ጥም ልብ አይነካም።

በማግስቱ ከሱቅ ትልቅ ነጭ ፌስታል ገዛሁ። ሦስት እንጨት አፈሩ ላይ ሰክቼ ድንኳን ሠራሁላት፣ ከቆርቆሮው ጋር በክር አሰርኩት፣ አየር እንዲቀያየር በቀን አንዴ እየገለጥኩ። ፀሐይ ቀጥታ የማያገኛት ቦታ አዛወርኳት፤ ቡና እኮ የጥላ ልጅ ናት። ጠዋት ስመጣ የፌስታሉ ውስጠኛ ገጽ ጤዛ አዝሏል። የሊሙ ጉም በፌስታል።

በስድስተኛው ቀን ምንም የለም። በስምንተኛው ቀን ምንም የለም። በዚህ መሃል ሰው ሁለተኛውን ጥፋት የሚሠራው እንደዚህ ጊዜ ነው፤ ቸኩሎ ውሃ ይጨምራል። ሥርም አየር ይተነፍሳል፣ አፈሩ ጭቃ ሆኖ ከሰነበተ ይታፈንና ይበሰብሳል። በድርቅ ያልሞተውን በደግነት መግደል ይሉታል። እጄን ይዤ ተቀመጥኩና ንባቤን ቀጠልኩ።

ቀጥሎ ያነበብኩት ደግሞ የደ ክሊዩን ታሪክ ከሌላ በኩል አሳየኝ። የአረቢካ ቡና በአብዛኛው ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ነው። ስለዚህ ከአንድ ዛፍ የተገኘ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ ሚሊዮን ቢሆን እንኳ እናቱን ይመስላል። ከአምስተርዳም በጥቂት ተክል የወጣው ዘር ዓለምን ሞላ፤ ሞላ እንጂ አልሰፋም። ሊኒየስ በ1753 ስም ሲያወጣለት እንኳ መነሻው ዓረቢያ መስሎት «አረቢካ» አለው፤ ከየመን ጀርባ ያለውን ደን አላየም። በሽታ ሲመጣ የዚህ ዋጋ ታየ። የቡና ቅጠል ዝገት በ1869 ሲሎን ላይ ታወቀ፣ በጥቂት ዓመታትም የደሴቲቱን የቡና እርሻ ጨርሶት ገበሬው ቡናውን ነቅሎ ሻይ ተከለ። በ1970 ዝገቱ ብራዚል ገባ። አንዱን የሚገድል በሽታ ሁሉንም ይገድላል፤ ሁሉም አንድ ናቸዋ።

የዓለም እርሻ ድርጅት በ1964 ባለሙያዎችን ወደ ኢትዮጵያ ላከ፤ ደን እየገቡ የቡና ዘር እንዲሰበስቡ። ሰጪው እጁ ላይ የቀረው አንድ ዓይነት ሲሆን ወደ ዘሩ ቤት ተመለሰ ማለት ነው። እኛም ከበሽታ አላመለጥንም። በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ፣ ሲቢዲ የሚሉት፣ አገራችን ውስጥ ታየና ፍሬውን ገና በእሸቱ እያጠቆረ ያረግፈው ጀመር። የጅማ ተመራማሪዎች ያደረጉት ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። መድኃኒት ከውጭ እስኪመጣ ብቻ አልጠበቁም። በሽታው በገባበት ጫካና ጓሮ እየዞሩ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሲጠቁር እሱ ያልጠቆረውን ዛፍ ፈለጉ። አገኙም። ዛሬ ገበሬዎቻችን በቁጥር የሚጠሯቸው 74110 እና 74112 ከኢሉባቦር የተመረጡ ናቸው፤ «74» የሚለው የተመረጡበትን ዓመት ነው። ማንም ከእነዚያ ዛፎች ጋር ራሽን አልተካፈለም። ብዙ ዓይነት ሆነው ደኑ ውስጥ ስለነበሩ ብቻ ነው የተገኙት።

ይህን ካነበብኩ በኋላ የአክስቴን ቆርቆሮ በሌላ ዓይን አየሁት። ያ የተሸጠ ጓሮ ውስጥ የነበረው ቡና የቱ ዓይነት እንደነበር የሚያውቅ የለም። ምናልባት ተራ ነው። ምናልባት አይደለም። አሁን ግን በዚህች ምድር ላይ ያለው ምስክር ፌስታል ለብሶ መስኮት ሥር ተቀምጧል።

አክስቴ እንዳለችው በአሥራ አምስተኛው ቀን መጣች። ሻንጣዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ፌስታሉን አየች። ዝም አለች። ከዚያ ክሩን ፈትታ ገለጠችው፤ ቅጠል የሌላት አንዲት እንጨት።

«ይቺ ናት ደህና ናት የምትለኝ?»

ያነበብኩትን ሁሉ ላወራላት ዳዳኝ፤ ፈረንሳዊውን፣ ቄሱን፣ ጠርሙሱን። ደግነቱ አፌን ያዝኩ። ጎንበስ ብላ እኔ የጫርኩበትን ቦታ አየች፣ ከዚያ ዝቅ ብላ በጥፍሯ ራሷ ጫረች። አሁንም አረንጓዴ ነበር። ፌስታሉን መልሳ አለበሰቻትና ክሩን ከእኔ በተሻለ አሰረችው።

ከመጣች በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ቡና ጠጣ ብላ ጠራችኝ። ከአፈሩ ሦስት ጣት ከፍ ብሎ፣ በግንዱ ግራና ቀኝ፣ የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ ሁለት እምቡጦች ወጥተው ነበር። ቡና ሲያቆጠቁጥ ጥንድ ጥንድ ነው። አክስቴ መቀስ አምጥታ ከእምቡጦቹ በላይ ያለውን ደረቅ ግንድ ቆረጠችው፤ ቁራጩንም ከሰሉ ላይ ጣል አድርጋ ምጣዱን ጣደችበት። ትንሽ ጨሰና ነደደ።

ሦስተኛውን ጠጥቼ ስነሳ እጇን ዘረጋችልኝ። «የቤቴን ቁልፍ» አለችኝ።